የገበያ መዋዠቅ በፊዚክስ ዐይን

ገበያ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ርስት ሆኖ ሳለ የፊዚክስ ሰው በአክሲዮንና በክሪፕቶከረንሲ ዋጋ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል ጥያቄ በአንዳንድ አንባቢያን አእምሮ ሊመላለስ እንደሚችል እንገምታለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁንና በሁለቱ ሙያዎች መካከል ያለው ዝምድና ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ዕድሜ ጠገብ ነው። በመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ከአልበርት አንስታይን ስም ጋር ተቆራኝቶ የምናገኘው የብራውን እንቅስቃሴ ሒሳብ መጀመሪያ የተጻፈው ስለ ውሃና ስለ አበባ ብናኝ ሳይሆን ስለ ፓሪስ የገንዘብ ገበያ ነበርና።

በማርች 1900 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሉዊ ባሺሊዬ የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ግምታዊ ንግድ ንድፈ ሐሳብ የሚተነትን የዶክትሬት ድርሳን ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። ከፈታኞቹ አንዱ ስመ ጥሩው የሒሳብ ሊቅ አንሪ ፖንካሬ ነበር። ባሺሊዬ በፈረንሳይ መንግሥት የዕዳ ሰነዶች ዋጋ ላይ አተኩሮ ከአንድ ቀላል ሐሳብ ይነሣል። በእያንዳንዱ ቅጽበት ዋጋው ይጨምራል ብሎ የሚገዛ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥለት ሌላ ሰው አለ፤ የሁለቱ ግምት ሚዛኑን እስከጠበቀ ድረስ ቀጣዩ እንቅስቃሴ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች የመሆን ዕድሉ እኩል ነው። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ውጤት ዛሬ ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ የሚያውቀው የዲፊዩዥን እኩልታ ነው። አንስታይን፣ ሮበርት ብራውን በ1827 በማይክሮስኮፕ ያየውን የብናኝ መንቀጥቀጥ በውሃ ሞለኪውሎች ግጭት ሲያብራራ ጊዜው 1905 ነበር፤ ባሺሊዬ በአምስት ዓመት ቀድሞታል። ያም ሆኖ ድርሳኑ በምጣኔ ሀብት ምሁራን ዘንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሚያነሣው አጥቶ ቆየ።

በ1995 በሕንድ ኮልካታ ከተማ በተካሄደ የስታቲስቲካል ፊዚክስ ጉባኤ ላይ የቦስተን ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ስታንሊ ለዚህ ዝምድና «ኢኮኖፊዚክስ» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ብዙም ጆሮ ባይስብም ሥራው ግን ቀጠለ። እኛም ከዚህ ዘርፍ ምርምሮች ጥቂቶቹን፣ በተለይም ስለ ዋጋ መዋዠቅና ስለ ግብይት ስልቶች የተደረሰባቸውን፣ ለአንባቢያን ለማቅረብ እንሞክራለን። ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን ሌላም ምክንያት አለ። በእጅ ስልኩ ላይ በተጫነ ፕሮግራም አማካይነት ክሪፕቶከረንሲና የውጭ አክሲዮን የሚገበያይ ወይም ለመገበያየት የሚያስብ ተማሪ ዛሬ በየማደሪያ ክፍሉ አይጠፋም። የሚያነበው ማስታወቂያ ግን ስለ ስኩዌር ሩት አንድም ነገር አይነግረውም።

መዋዠቅ እንዴት ይለካል?

መዋዠቅ ማለት የዋጋ መውደቅ ማለት አይደለም፤ ወደ ላይ መዝለልም መዋዠቅ ነው። ለመለካት የአንድን አክሲዮን የየዕለት መዝጊያ ዋጋ እንወስዳለን፤ ከትናንት ወደ ዛሬ በመቶ ስንት እንደተለወጠ እናሰላለን፤ የእነዚህን ለውጦች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን እናወጣለን። ይኸው ነው። የአሜሪካ ታላላቅ ኩባንያዎችን የሚያጠቃልሉ የአክሲዮን መለኪያዎች በረጅም ዘመን ሲታዩ የዕለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው ወደ 1 በመቶ ይጠጋል።

ይህን የዕለት ቁጥር ወደ ዓመት ለመለወጥ በቀናቱ ብዛት ማባዛት ስሕተት ነው። እንደ ብራውን ብናኝ ሁሉ ዋጋም አንድ እርምጃ ወደፊት ሁለት እርምጃ ወደኋላ እያለ ስለሚጓዝ ከመነሻው የሚርቀው በጊዜው ልክ ሳይሆን በጊዜው ስኩዌር ሩት ልክ ነው። የአክሲዮን ገበያ በዓመት 252 ቀናት ያህል ይሠራል። የ252 ስኩዌር ሩት 16 ገደማ በመሆኑ የዕለቱ 1 በመቶ በዓመት 16 በመቶ ይሆናል። ሰንበትና በዓል የማያውቀው ቢትኮይን ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር ይገበያያል። በ2010ዎቹ ዓመታት የነበረውን የዕለት መዋዠቅ ከ3 እስከ 4 በመቶ ብንወስድና በ365 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ19 ብናባዛው፣ ዓመታዊው መዋዠቅ ከ57 እስከ 76 በመቶ ይደርሳል። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ፣ ታላላቅ የገንዘብ ተቋማት ወደ ገበያው ሲገቡ፣ ይህ ቁጥር ረገብ ብሏል፤ ከአክሲዮን ገበያው ጋር ሲነጻጸር ግን አሁንም እጥፍ ድርብ ነው።

የነፋሱ ብርታትና የነፋሱ አቅጣጫ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ባሺሊዬን የሚያስደስት ነው። የእውነተኛው ገበያ መዝገብ በጥንቃቄ ሲመረመር ግን ብናኙ የማያሳየው አንድ ባሕርይ ብቅ ይላል።

የዛሬው ለውጥ ከነገው ለውጥ ጋር ያለውን ተዛምዶ ብናሰላ ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ቁጥር እናገኛለን። ዛሬ መጨመሩ ነገ ስለመጨመሩ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው። አሁን የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ደምስሰን የለውጡን መጠን ብቻ እንያዝ። የዛሬው መጠን ከነገው መጠን ጋር፣ ከሳምንት በኋላ ካለው ጋር፣ ከወር በኋላ ካለውም ጋር ሳይቀር ተዛምዶ አለው፤ ተዛምዶውም የሚከስመው ቀስ በቀስ ነው። የተናወጠ ቀን ሌላ የተናወጠ ቀን ያስከትላል፤ የረጋ ቀንም እንዲሁ። ይህን ቤንዋ ማንደልብሮት በ1963 የጥጥ ዋጋን ሲያጠና አስተዋለው። በ1982 ሮበርት ኤንግል በሒሳብ ቀመር አሰፈረው፤ በ1986 ቲም ቦለርስሌቭ አስፋፋው። ቀመሩ በቃል ሲነገር ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፦ የነገው መዋዠቅ ግምት የሦስት ነገሮች ድምር ነው፤ አንድ ቋሚ ቁጥር፣ የዛሬው ለውጥ ስኩዌር ጥቂት እጅ፣ እንዲሁም የዛሬው መዋዠቅ ግምት ብዙ እጅ። ኤንግል ለዚህ ሥራው በ2003 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

እንግዲህ ስለ ነገ ሁለት ጥያቄዎች አሉን። ነፋሱ ምን ያህል ይበረታል? ወዴትስ ይነፍሳል? ለመጀመሪያው ጥያቄ ከአጋጣሚ እጅግ የተሻለ መልስ መስጠት ይቻላል። ለሁለተኛው ግን አይቻልም ለማለት ይቀርባል። ልዩነቱ የመጣው ከየት ነው? ነገ ዋጋው እንደሚጨምር በርግጥ ቢታወቅ ኖሮ ሁሉም ዛሬውኑ ይገዛ ነበር፤ ሁሉም ሲገዛም ዋጋው የሚጨምረው ነገ መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ይሆናል። ስለ አቅጣጫ ያለ ዕውቀት በሥራ ላይ ሲውል ራሱን ያጠፋል። ነገ ገበያው እንደሚናወጥ ማወቅ ግን ወዴት እንደሚናወጥ ስለማይነግረን ግዙ ወይም ሽጡ አያሰኘንም፤ ስለዚህም ዕውቀቱ በቀላሉ አይጠፋም።

የአሜሪካ ገበያ በሚቀጥሉት 30 ቀናት ምን ያህል መዋዠቅ እንደሚጠብቅ ከኦፕሽን ውሎች ዋጋ ተነሥቶ የሚሰላ «ቪክስ» የሚባል መለኪያ ከ1993 ጀምሮ አለ። በተለመደ ጊዜ ከ20 በታች የሚውለው ይህ ቁጥር የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀበት ወቅት፣ በማርች 16 ቀን 2020፣ 82.69 ላይ ዘግቷል። ጋዜጠኞች «የፍርሃት መለኪያ» ይሉታል። ስያሜው ለአክሲዮን ገበያ ይስማማል፤ በዚያ ገበያ መዋዠቅ የሚያይለው ዋጋ ሲወርድ ነውና። በክሪፕቶ ገበያ ይህ አለመመጣጠን ደካማ፣ አንዳንዴም ግልብጥ ሆኖ ተገኝቷል። ዋጋ ሲወጣም ሕዝቡ ይጋፋል፤ መዋዠቁም አብሮ ይንራል።

የኦክቶበር 19ኙ ሰኞ

በኦክቶበር 19 ቀን 1987 የኒው ዮርኩ ዳው ጆንስ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ወደቀ። የዕለት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 1 በመቶ ነው ካልን ይህ ከ20 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የሆነ ክስተት ነው። በደወል ቅርጹ በኖርማል ዲስትሪቢዩሽን መሠረት ይህን የሚያህል ውድቀት የመከሰት ዕድሉ ስንት ነው ቢባል፣ ከ1 ቀጥሎ 88 ዜሮዎች ባሉት ቁጥር አንድን ብናካፍል ከምናገኘውም ያነሰ ነው። ዩኒቨርስ ከተፈጠረ ጀምሮ ያለፉት ቀናት ወደ 5 ትሪሊዮን፣ ማለትም ከ5 ቀጥሎ 12 ዜሮዎች ብቻ መሆናቸውን ልብ ይሏል። በሌላ አነጋገር የደወሉ ቅርጽ ትክክል ከሆነ ያ ሰኞ አልነበረም። ነገር ግን ነበር።

የስታንሊ ቡድን በ1990ዎቹ መጨረሻ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአሜሪካ አክሲዮን ዋጋዎችን ሲመረምር፣ ትላልቅ ለውጦች የመከሰት ዕድላቸው የሚቀንሰው እንደ ደወሉ በፍጥነት ሳይሆን በለውጡ መጠን ኪዩብ ልክ መሆኑን አገኘ። ለውጡ እጥፍ ቢሆን ዕድሉ በስምንት እጅ ይቀንሳል ማለት ነው። ይህ ምን ያህል ልዩነት እንደሆነ በቁጥር እንመልከተው። ከ5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ 10 ስንሻገር በኪዩቡ ሕግ ዕድሉ 8 ጊዜ ያንሳል፤ በደወሉ ሕግ ግን ከ10,000 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ያንሳል። የመጀመሪያው ሰው ጃንጥላ ይዞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ዝናብ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይወጣል። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ወፍራም ጭራ በሌሎች አገሮች አክሲዮንም ሆነ በቢትኮይን ዋጋ ላይ ታይቷል። ቢትኮይን በማርች 12 ቀን 2020 በአንድ ቀን ብቻ ከዋጋው 40 በመቶ የሚጠጋውን አጥቷል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚህ ሕግ የሚከተል አንድ ስውር ችግር ሊያስተውሉ ይገባል። የኪዩብ ሕግ የሚከተል ሥርጭት አራተኛው ሞመንት ወሰን የለውም። በመሆኑም ከመረጃ ያሰላነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወደ እውነተኛው ዋጋ የሚጠጋው እየተንቀራፈፈ ነው። ጥቂት ዓመታት ብቻ ባሉት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ «የዚህ ንብረት መዋዠቅ ይህን ያህል ነው» የሚል ሰው ምናልባት ትልቁን ቀን ገና አላየው ይሆናል።

ብናኝ ጽሑፍ አያነብም

የ1987ቱ ውድቀት እንዲያ የከፋው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የፊዚክስንና የገበያን ልዩነት ከማንኛውም በላይ አጉልቶ ስለሚያሳይ ትንሽ ቆም ብለን ብናየው ይበጃል።

በዚያን ጊዜ «የፖርትፎሊዮ ዋስትና» የሚባል የግብይት ስልት በትላልቅ የጡረታ ገንዘቦች ዘንድ ተስፋፍቶ ነበር። የስልቱ ሐሳብ ከኦፕሽን ንድፈ ሐሳብ የተቀዳና በሒሳብ ረገድ እንከን የማይወጣለት ነው። ዋጋ በወረደ ቁጥር በኮምፒውተር እየታገዙ በተመጠነ መጠን መሸጥ፣ በወጣ ቁጥር መግዛት፤ በዚህም ኪሣራን ከተወሰነ ወለል በታች እንዳይወርድ ማድረግ። አንድ ሰው ብቻ ቢጠቀምበት በትክክል ይሠራል። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተቋቋመው አጣሪ ቡድን በግምት እንዳስቀመጠው ግን በዚህ ስልት የሚተዳደረው ሀብት ከ60 እስከ 90 ቢሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ዋጋው ሲወርድ ሁሉም ኮምፒውተሮች በአንድነት ሸጡ፤ በመሸጣቸው ዋጋው ይበልጥ ወረደ፤ መውረዱም ይበልጥ እንዲሸጡ አዘዛቸው። ዋስትናው ራሱ ቤቱን አቃጠለው።

የአበባ ብናኝ የአንስታይንን ጽሑፍ አንብቦ ጠባዩን አይለውጥም። ገበያ ግን ያነባል። መዋዠቅን የሚለካው ሰው ራሱ ከሞለኪውሎቹ አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታላላቅ አደጋዎች ሲመረመሩ ይኸው ሰንሰለት በውስጣቸው ይገኛል። በ1997 በኦፕሽን ዋጋ አተማመን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሮበርት መርተንና ማይረን ሾልስ ሸሪክ የሆኑበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለ ኩባንያ በ1998 መጀመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ የራሱ ዶላር ከ25 ዶላር በላይ ተበድሮ ይነግድ ነበር። በነሐሴ ወር ሩሲያ ዕዳዋን አልከፍልም ስትል በቀመሮቹ ዘንድ እርስ በርስ የማይገናኙ የነበሩ ገበያዎች ሁሉ አብረው ተናወጡ፤ ኩባንያው በጥቂት ወራት 4.6 ቢሊዮን ዶላር አጥቶ በኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ አስተባባሪነት አበዳሪዎቹ እንዲረከቡት ተደረገ። በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 ደግሞ ተራው «መዋዠቅን የሚሸጡ» ሰነዶች ሆነ። እነዚህ ሰነዶች ገበያው በረጋ ቁጥር ጥቂት በጥቂት የሚያተርፉ፣ ቪክስ ከፍ ካለ የሚከስሩ ነበሩ። በዚያን ዕለት ቪክስ ከ17 ወደ 37 ዘለለ። ሰነዶቹ ራሳቸውን ለማዳን መዋዠቅን በገፍ መግዛት ግድ ሆነባቸው፤ ያም ቪክስን አባባሰው። በክሬዲት ስዊስ ባንክ የወጣው «ኤክስ አይ ቪ» የተባለው ሰነድ በአንድ ቀን ከዋጋው 96 በመቶ ያህሉን አጣ። ባለቤቶቹ ለዓመታት ሲያተርፉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ትርፋቸውም እውነተኛ ነበር።

በክሪፕቶ ገበያ ሰንሰለቱ ይበልጥ አጭር ነው። በብድር የተያዘ ውል ማስያዣው ሲሟጠጥ የመገበያያው ኮምፒውተር ባለቤቱን ሳይጠይቅ በሰከንድ ውስጥ ይሸጠዋል፤ ሽያጩ ዋጋውን ወደ ሚቀጥለው ሰው ማስያዣ ያወርደዋል። በኦክቶበር 10 ቀን 2025 አሜሪካ በቻይና ዕቃዎች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ እንደምትጥል መገለጹን ተከትሎ በ24 ሰዓት ጊዜ ውስጥ በዚህ ዓይነት በግዳጅ የተዘጉት ውሎች ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆኑ ተዘግቧል።

የ100 ብር ጨዋታ

ከትላልቆቹ ኩባንያዎች ወደ አንድ ግለሰብ እንውረድና አንድ ጨዋታ እናስብ። መነሻችን 100 ብር ነው። ሳንቲም እንወረውራለን። ሰው ከወጣ ያለን ገንዘብ በ50 በመቶ ይጨምራል፤ ጎፈር ከወጣ በ40 በመቶ ይቀንሳል። መጫወት ይገባናል?

የፕሮባቢሊቲ መጽሐፋችን «አዎን» ይላል። በአማካይ በእያንዳንዱ ውርወራ 5 በመቶ ይገኛል፤ ከ100 ውርወራ በኋላ የሚጠበቀው አማካይ ከ13,000 ብር ይበልጣል። አሁን ግን የአንድን ተጫዋች ዕድል እንከተል። 50 ጊዜ ሰው፣ 50 ጊዜ ጎፈር ወጣለት እንበል። አንድ ትርፍና አንድ ኪሣራ ሲጣመሩ 1.5 በ0.6 ተባዝቶ 0.9 ይሆናል። ሃምሳ ጥንዶች ሲባዙ መቶ ብሩ 52 ሳንቲም ሆኖ ይቀራል! አማካዩን 13,000 ያደረሱት በጣም ጥቂት እጅግ ባለጸጋ ተጫዋቾች ናቸው። ከመቶ ተጫዋቾች 86 ያህሉ ከጀመሩበት በታች ይጨርሳሉ።

ይህን ምሳሌ ኦሌ ፒተርስ የተባለ የፊዚክስ ሰው ከኖቤል ተሸላሚው መሪ ጌልማን ጋር በ2016 ባወጣው ጥናት ዙሪያ በሰፊው አስተዋውቆታል። ለፊዚክስ ተማሪ ነገሩ አዲስ አይደለም። የብዙ ሥርዓቶች አማካይና የአንድ ሥርዓት የጊዜ አማካይ እኩል የሚሆኑት ኤርጎዲክ በሆነ ሥርዓት ብቻ ነው፤ ሀብት ደግሞ በማባዛት ስለሚያድግ ኤርጎዲክ አይደለም። አንድ ሰው በመቶ ዓለማት ውስጥ በአንድ ጊዜ አይኖርም።

በተለመደው ስሌት የአንድ ንብረት የረጅም ጊዜ ዕድገት ከአማካይ ትርፉ ላይ የመዋዠቁ ስኩዌር ግማሽ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። መዋዠቁ 16 በመቶ ለሆነ አክሲዮን ይህ ቅናሽ በዓመት 1.3 በመቶ ገደማ ነው። መዋዠቁ 70 በመቶ ለሆነ ንብረት ግን 24.5 በመቶ ነው። በብድር ካባዛነው ደግሞ ትርፉ በብድሩ ልክ ሲያድግ ቅናሹ በብድሩ ስኩዌር ያድጋል። ብድሩ እጥፍ ሲሆን ቅናሹ አራት እጥፍ መሆኑ ነው።

አሁን የዕለት መዋዠቁ 3 በመቶ የሆነ ክሪፕቶከረንሲ በ20 እጥፍ ብድር የገዛ ተማሪ እናስብ። ዋጋው 5 በመቶ ዝቅ ካለ ማስያዣው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የብራውን እንቅስቃሴ የሚጠናበትን የነጸብራቅ መርሕ ተጠቅመን ስናሰላ ይህ በአንድ ቀን ውስጥ የመሆን ዕድሉ 10 በመቶ ገደማ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ ነው። አንዳንድ የመገበያያ ድርጅቶች እንደሚፈቅዱት ብድሩ 100 እጥፍ ከሆነ 1 በመቶ መውረድ ይበቃል፤ ዕድሉም በመጀመሪያው ቀን ብቻ 74 በመቶ ነው። ይህ ሁሉ የተሰላው በደወሉ ቅርጽ፣ ያለ ኮሚሽንና ያለ ወለድ ነው። ልጁ የዋጋውን አቅጣጫ በወሩ መጨረሻ በትክክል ገምቶ ሊሆን ይችላል። ወሩ መጨረሻ ላይ ግን አልደረሰም።

በ1956 በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ጆን ኬሊ ለዚህ ችግር መልስ ሰጥቷል። በእኛው የሳንቲም ጨዋታ የኬሊን ቀመር ብንከተል በእያንዳንዱ ዙር መመደብ ያለብን ካለን ገንዘብ ሩቡን ብቻ ነው። በዚህ ዓይነት 50 ሰውና 50 ጎፈር የወጣለት ተጫዋች በ52 ሳንቲም ፋንታ 186 ብር ይዞ ይወጣል። ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፤ ዕድሉም ያው ዕድል።

ስልቶች በፈተና ላይ

ለመሆኑ የሚሠራ የግብይት ስልት አለ? በምርምር የተፈተኑ ጥቂቶች አሉ። በቅርብ ወራት የጨመሩ አክሲዮኖች ለጥቂት ወራት መጨመራቸውን የመቀጠል አዝማሚያ እንዳላቸው ጀጋዲሽና ቲትማን በ1993 አሳይተዋል። ሊዩና ሲቪንስኪ በ2021 ባወጡት ጥናት በክሪፕቶከረንሲም ተመሳሳይ ጠባይ አግኝተዋል። አዝማሚያው ግን ደካማ ነው፤ በ2009 የጸደይ ወራት እንደታየውም ገበያው ከውድቀት በድንገት ሲያገግም ስልቱ በብርቱ ይከስራል። ሞሬራና ሙይር ደግሞ በ2017 የመዋዠቅን ተገማችነት ተጠቅመው፣ ነፋሱ ሲበረታ ድርሻን መቀነስ፣ ሲረጋ መጨመር ውጤት እንደሚያሻሽል ዘገቡ። በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች ስልቱን አስቀድሞ ባልታየ መረጃ ላይ ሲፈትኑት ጥቅሙ በአብዛኛው ተመናመነ። ሳይንስ የሚሄደው እንዲህ ነው፤ እኛም የሁለተኛውን ጥናት ጥንቃቄ እናደንቃለን።

በየማኅበራዊ መገናኛው የሚቸበቸቡት ስልቶች ግን ይህ ዓይነት ፈተና አይቀርብላቸውም። ባለፈው መዝገብ ላይ ያተርፍ ነበር የሚለው ማስረጃ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማየት፣ ምንም ዕውቀት የሌለባቸውን፣ በሳንቲም ውርወራ የሚወስኑ 1,000 ስልቶች እናስብ። የእያንዳንዳቸው ዓመታዊ መዋዠቅ 20 በመቶ ይሁን። ከመካከላቸው ምርጡ በአጋጣሚ ብቻ ከአማካዩ በ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ስለሚርቅ በዓመት ከ60 በመቶ በላይ ያተረፈ መስሎ ይታያል። ሻጩ የሚያሳየን እሱን ነው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን አያሳየንም።

የገበያተኞች ትክክለኛ ውጤት ሲመዘገብ ሥዕሉ ሌላ ነው። ባርበርና ኦዲን ከ1991 እስከ 1996 ድረስ ከ66,000 በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦችን ሒሳብ መርምረው፣ አብዝተው የሚገበያዩት በዓመት 11.4 በመቶ ሲያገኙ ገበያው በአጠቃላይ 17.9 በመቶ መስጠቱን አሳይተዋል። በብራዚል የፊውቸርስ ገበያ ከ300 ቀናት በላይ ሳያቋርጡ የዕለት ንግድ ያካሄዱ ግለሰቦች ሲጠኑ 97 በመቶዎቹ ከሳሪዎች ነበሩ። በጽናት መሞከር ያሻሽላል የሚለው ምክር በዚህ ሥፍራ አልሠራም።

ተቃራኒ ምሳሌ መጥቀስ ተገቢ ነው። በፊዚክስ ተማሪዎች ዘንድ በቸርን ሳይመንስ ንድፈ ሐሳብ የሚታወቀው የሒሳብ ሊቅ ጂም ሳይመንስ (በ2024 አርፏል) የመሠረተው ሬኔሳንስ ቴክኖሎጂስ በ«ሜዳሊየን» ገንዘቡ ለአሥርት ዓመታት አስደናቂ ትርፍ አስመዝግቧል። በርካታ የፊዚክስና የሒሳብ ዶክተሮችን ቀጥሮ፣ ጥቃቅን አዝማሚያዎችን ከብዙ ሺሕ ግብይቶች እየለቀመ ነው የሠራው። ገንዘቡ ለውጭ ሰው ዝግ ነው፤ ስልቱም ምስጢር ነው። የሚሠራ ስልት ያለው ሰው በሦስት ቀን ሥልጠና በጥቂት ሺሕ ብር አይሸጠውም።

አዲስ አበባም መዝገብ ጀምራለች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ ክሪፕቶከረንሲ በአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ አለመሆኑን አስታውቋል። በሌላ በኩል በ2021 የወጣውን የካፒታል ገበያ አዋጅ ተከትሎ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 በይፋ ተከፍቷል፤ በቀዳሚነት የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ለፊዚክስ፣ ለሒሳብና ለስታቲስቲክስ ተማሪዎች ይህ ትልቅ ዜና ነው። ከኒው ዮርክና ከሳኦ ፓውሎ በተዋሰነው ቁጥር ስንሠራ ኖረናል፤ ከእንግዲህ የራሳችን የዕለት ዋጋ መዝገብ ቀስ በቀስ ይከማቻል።

ከወዲሁ አንድ ወጥመድ መጠቆም እንወዳለን። በጀማሪ ገበያ አንድ አክሲዮን ለቀናት ሳይገበያይ ሊቆይ ይችላል። መዝገቡ በእነዚያ ቀናት ለውጡን ዜሮ አድርጎ ይጽፈዋል፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም አነስተኛ ሆኖ ይወጣል። ይህ የመረጋጋት ምልክት ሳይሆን ገዥና ሻጭ ያለመገናኘት ምልክት ነው። ስለዚህ ከዋጋው ዓምድ ጎን የተገበያየውን ብዛት የሚያሳይ ዓምድ መያዝ፣ ግብይት ያልተደረገባቸውን ቀናት ለይቶ ማውጣት፣ ከዚያም የለውጦቹን መጠን ተዛምዶ ማስላት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚበቃ ኮምፒውተርና የሠንጠረዥ ፕሮግራም በማንኛውም ፋኩልቲ ይገኛል። የመዋዠቅ መከታተል በጥቂት መቶ ቀናት መረጃ ሊታይ ይችላል። የኪዩቡ ሕግ አዲስ አበባም መሥራት አለመሥራቱን ለመፈተን ግን ብዙ ሺሕ ቀናት ያስፈልጋሉ፤ በዓመት 250 የገበያ ቀናት ብናስብ መዝገቡን ዛሬ መያዝ የጀመረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ መልሱን የሚያገኘው ምናልባት የራሱን ተማሪዎች በሚያስተምርበት ጊዜ ነው።